ዝምታ ፈቃድ አይደለም፦ ስለ ፅኑ ሕሙማን ክብካቤና ስለ አካል ክፍል ልገሳ



በዚህ እትም ለጥናት የመረጥነው ርእስ በመጀመሪያ እይታ የሐኪሞች ብቻ ጉዳይ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ ሳይታሰብ ከብዙዎቻችን ደጃፍ የሚደርስ ነው። ለምሳሌ ያህል በከተማችን በድሬዳዋ፣ በለገሃሬ ሠፈር የሚኖር አንድ ቤተሰብ እናስብ። የቤቱ በኩር ልጅ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራቸውን አቁመዋል። በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ደሙ በመሣሪያ ካልታጠበለት በሕይወት ሊቆይ አይችልም። ሐኪሙም «ከቅርብ ዘመድ ኩላሊት የሚሰጥህ ከተገኘ ንቅለ ተከላ ይቻላል» ብሎታል። አንድ ምሽት የቀኑ ሙቀት በረድ ሲል ቤተሰቡ በግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። አባት የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ እናት ደም ግፊት አለባቸው፤ ስለዚህ ሁለቱም መስጠት እንደማይችሉ ተነግሯቸዋል። የቀረችው በቀፊራ ገበያ የምትነግደው ታናሽ እኅት ነች። ማንም ስሟን አልጠራም፤ ነገር ግን ሁሉም ወደ እርስዋ ተመለከተ። እርስዋም አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። በማግስቱ ዘመድ አዝማዱ «እኅቱ እሺ ብላለች» እያለ ያወራ ጀመር።

በእርግጥ እሺ ብላለችን?

ይህን ቤተሰብ ለትምህርት ያህል በምሳሌ አቀረብነው እንጂ የማንንም ታሪክ አልተናገርንም። ቢሆንም እንዲህ ያለ ጭንቀት በሀገራችን በብዙ ቤት አለ። በመንገዶቻችን ላይ በድምፅ ማጉያ ለኩላሊት ሕመምተኛ እርዳታ ሲለመን ያልሰማ ማን አለ? ከዚህች ዝም ካለች እኅት ጎን ደግሞ ሌላ ዝም ያለ ሰው እናስቀምጥ። እርሱ በፅኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቶ በመሣሪያ የሚተነፍስ፣ ቢጠሩት የማይመልስ ሕመምተኛ ነው። ስለ እርሱም ዘመዶቹ «ሞቷል ወይስ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱም ዝም ብለዋል፤ ስለ ሁለቱም ሌሎች ሰዎች ይናገራሉ። የዚህ ጥናት ዋና ሐሳብ አንድ ነው፦ የእነዚህን ሰዎች ዝምታ እኛ እንደምንፈልገው አድርገን ልንተረጉመው አይገባም። የሕመምተኛው ሞት በእርግጠኝነት መታወቅ አለበት፤ የሰጪውም ፈቃድ በነፃነት መነገር አለበት። እነዚህ ሁለቱ ከተጓደሉ ልገሳ ስጦታ መሆኑ ይቀራል።

፩. እስትንፋስን ለማትረፍ የተጀመረ ሥራ

እ.ኤ.አ. በ1952 በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን ከባድ የፖሊዮ ወረርሽኝ ተነሣ። በሽታው የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ሽባ ስለሚያደርግ ብዙ ሕፃናትና ወጣቶች አእምሯቸው ሳይጎዳ አየር አጥተው ይሞቱ ነበር። በዚያን ጊዜ የማደንዘዣ ሐኪም የነበሩት ቢዮርን ኢብሰን አንድ ሐሳብ አቀረቡ። በቀዶ ሕክምና ክፍል እንደሚደረገው ሁሉ በሕመምተኛው ጉሮሮ በኩል ቱቦ አስገብቶ፣ የጎማ ከረጢት በእጅ እየጨመቁ አየር ወደ ሳንባው ማስገባት ይቻላል አሉ። ሐሳባቸው በአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ላይ ተሞክሮ ሠመረ። ከዚያም 1,500 ያህል የሕክምና ተማሪዎች ሌሊትና ቀን እየተፈራረቁ፣ ለሳምንታት በእጃቸው አየር እየሰጡ ብዙዎችን ከሞት አተረፉ። በቀጣዩ ዓመት በ1953 ኢብሰን እንዲህ ያሉትን ሕመምተኞች በአንድነት የሚከታተል ክፍል አቋቋሙ። ዛሬ «የፅኑ ሕሙማን ክፍል» የምንለው የሕክምና ዘርፍ መነሻው ይህ ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል። የፅኑ ሕሙማን ክብካቤ የተፀነሰው የአካል ክፍል ለመሰብሰብ አይደለም፤ የሰው እስትንፋስ ለማትረፍ ነው። ይህ ቅደም ተከተል መቼም ቢሆን መገልበጥ የለበትም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተማሪዎቹን እጅ መሣሪያ ተካው። ያን ጊዜ ከዚህ በፊት ያልነበረ ጥያቄ ተነሣ። ቀድሞ እስትንፋስና የልብ ትርታ ሲቆሙ ሰው ሞተ ይባል ነበር። አሁን ግን አንጎሉ ፈጽሞ የጠፋ ሰው በመሣሪያ አየር እስከ ተሰጠው ድረስ ልቡ ለተወሰነ ጊዜ ይመታል፤ ገላውም ይሞቃል። ይህ ሰው ሕያው ነውን? ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ኅዳር 24 ቀን 1957 እ.ኤ.አ. ለማደንዘዣ ሐኪሞች ባደረጉት ንግግር ይህን ጥያቄ አነሡ። በአንድ በኩል ሰው ሕይወቱን ለመጠበቅ ተራ የሆኑትን መንገዶች የመጠቀም ግዴታ እንዳለበት፣ ከአቅም በላይ የሆኑና እጅግ ከባድ ሸክም የሚያስከትሉትን ግን የመቀበል ግዴታ እንደሌለበት አስተማሩ። በሌላ በኩል ደግሞ የሞትን ቅጽበት ለይቶ መወሰን የቤተ ክርስቲያን ሳይሆን የሐኪም ሥራ መሆኑን ገለጡ። በ1959 ሞላሬና ጉሎን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች ከተለመደው ኮማ ያለፈውን፣ ተመልሶ የማይነቃውን ሁኔታ በጽሑፍ አስረዱ። በ1968 ደግሞ የሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ኮሚቴ «የአንጎል ሞት» ለሚባለው መለያ መስፈርት አወጣ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ማጥራት ያስፈልጋል። ኮማ ውስጥ ያለ ሰው አልሞተም፤ ብዙዎች ነቅተዋል። ዓይኑን እየገለጠ የሚያንቀላፋ ነገር ግን የማያስተውል ሕመምተኛም አልሞተም። የአንጎል ሞት ከሁለቱም የተለየ ነው። ሐኪሞች በጥንቃቄ የሚያጣሩትም በሚከተለው መንገድ ነው። በመጀመሪያ አንጎልን የጎዳው ምክንያት በግልጽ መታወቅ አለበት። ሁለተኛ ሞት የሚያስመስሉ ነገሮች፣ ማለትም የእንቅልፍና የማደንዘዣ መድኃኒት፣ የሰውነት ከመጠን በላይ መቀዝቀዝ፣ ከባድ የደም ንጥረ ነገሮች መዛባት አለመኖራቸው ይረጋገጣል። ሦስተኛ የዓይን ብሌን ለብርሃን ምላሽ አለመስጠቱ፣ ዓይን ሲነካ ሽፋሽፍት አለመርገብገቡ፣ ጉሮሮ ሲነካ ሳል አለመኖሩ አንድ በአንድ ይታያል። በመጨረሻም ኦክስጅን እየተሰጠው መሣሪያው ለደቂቃዎች ይገታና፣ በደሙ ውስጥ የተቃጠለ አየር ቢከማችም አንድ እስትንፋስ እንኳ በራሱ እንዳልሳበ ይመረመራል። ከእነዚህ አንዱ ካልተሟላ ማንም «ሞቷል» ብሎ ሊያውጅ አይችልም።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ነሐሴ 29 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. በሮም ለተሰበሰቡ የንቅለ ተከላ ሊቃውንት ሲናገሩ፣ የመላው አንጎል ሥራ ፈጽሞና ላይመለስ መቆሙ በጥብቅ ከተረጋገጠ ይህ መስፈርት ከትክክለኛው የሰው ልጅ ትምህርት ጋር እንደማይጋጭ ገልጠዋል። ለሕይወት አስፈላጊ የሆነ ነጠላ አካል፣ ለምሳሌ ልብ፣ ከሞተ ሰው ብቻ እንዲወሰድም አጥብቀው አስተምረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉባኤ በ2010 እ.ኤ.አ. ባጸደቃቸው መመሪያዎች ውስጥም አንድ ትልቅ አጥር ተተክሏል፦ ሞትን የሚያረጋግጠው ሐኪም የአካል ክፍሉን በሚያወጣው ወይም በሚተክለው ሥራ እጁን ማስገባት የለበትም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በአንድ አልጋ የተኛውን ሰው የሚያየው ዓይን በሌላው አልጋ ያለውን ሰው ተስፋ እያሰበ ማየት የለበትም።

፪. የመጀመሪያው ኩላሊትና የወንድሙ ፈቃድ

ከሕያው ሰው የሚደረገውን ልገሳ ደግሞ እንመልከት። ታኅሣሥ 23 ቀን 1954 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ካቶሊካዊው ቀዶ ሐኪም ጆሴፍ መሪና ባልደረቦቻቸው በተሳካ ሁኔታ የመጀመሪያውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ አደረጉ። ሕመምተኛው ሪቻርድ ሄሪክ፣ ሰጪው ደግሞ መንትያ ወንድሙ ሮናልድ ነበር። ሁለቱ ከአንድ ዘር የተከፈሉ መንትዮች ስለ ነበሩ የሪቻርድ ሰውነት የወንድሙን ኩላሊት እንደ ባዕድ አልቆጠረውም። ይህንንም አስቀድሞ ለማረጋገጥ የቆዳ ንቅለ ተከላ ተሞክሯል፤ የጣት አሻራቸውም ሳይቀር ተመርምሯል።

ሐኪሞቹን ይበልጥ ያስጨነቃቸው ግን የእጃቸው ጥበብ አልነበረም። የሕክምና የመጀመሪያው ሕግ «አትጉዳ» የሚል ነው። ሮናልድ ጤነኛ ነበር፤ ከቀዶ ሕክምናው ለገላው የሚያገኘው አንዳች ጥቅም የለም። ስለዚህ አስቀድመው ከሕግ አዋቂዎችና ከተለያዩ ሃይማኖቶች አገልጋዮች ጋር ተማከሩ። ሮናልድንም ስለ አደጋው ሳይደብቁ ነገሩት። በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ሕመምተኛው ሪቻርድ ራሱ ወንድሙን ከሆስፒታሉ ወጥቶ ወደ ቤቱ እንዲሄድ በማስታወሻ ለምኖት እንደ ነበር ይነገራል። ሮናልድም እንደማይሄድ መለሰለት። በእኛ አስተያየት በዚያ ሌሊት ከተደረገው ሁሉ የሚበልጠው ይህ የማስታወሻ ልውውጥ ነው። ተቀባዩ ለሰጪው የመሄጃውን በር ከፈተለት፤ ሰጪው ግን በሩ ተከፍቶለት ሳለ ቆየ። ፈቃድ ማለት ይህ ነው።

ሪቻርድ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖሮ ትዳር ይዞ ልጆች ወለደ። ሮናልድ በአንድ ኩላሊት እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ኖሮ በ79 ዓመቱ ዐረፈ። ዶክተር መሪም በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከመንትዮች ውጭ ላሉት ሰዎች በሩ የተከፈተው በ1960ዎቹ፣ ይልቁንም በ1980ዎቹ ሳይክሎስፖሪንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ከመጡ በኋላ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የሰውነትን የመከላከያ ኃይል አለዝበው አዲሱ አካል እንዳይባረር ያደርጋሉ። ነገር ግን ዕድሜ ልክ ሳይቋረጡ መወሰድ አለባቸው። ስለዚህ ንቅለ ተከላ ሌላ ክትትል የሚጠይቅ አዲስ ኑሮ መጀመሪያ እንጂ የሕክምና መጨረሻ አይደለም።

፫. በሀገራችን የተጀመረው ሥራ

በኢትዮጵያ ለረዥም ዘመን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የሚፈልግ ሰው ወደ ውጭ ሀገር ከመሄድ በቀር ምርጫ አልነበረውም። ይህም ለጥቂቶች ብቻ የሚቻል ነበር። በመስከረም 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) ግን በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል ተከፈተ። ሥራው የተጀመረው ከአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሲሆን፣ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ትውልደ ኢትዮጵያዊት ሐኪም ዶክተር ሰናይት ፍሥሐ ሁለቱን ተቋማት በማገናኘት ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ጄፍሪ ፓንች ከቡድናቸው ጋር እየተመላለሱ ከኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ጋር ጎን ለጎን ሠሩ። ዓላማውም እንግዶቹ ሠርተው እንዲሄዱ ሳይሆን የሀገሩ ልጆች ሥራውን እንዲረከቡ ነበር።

ከእነዚህ የሀገር ልጆች አንዷ የኩላሊት ሐኪሟ ዶክተር ሞሚና አህመድ ናቸው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፍ የንቅለ ተከላ መጽሔት ላይ በኢትዮጵያ ስለ ተጀመረው ሥራ ጽሑፍ አቅርበዋል። ለተራ አንባቢ «ጽሑፍ ማውጣት ምን ይጠቅማል?» የሚያሰኝ ይሆናል። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ሐኪም የሠራውን ሥራ ለባልደረቦቹ ዓይን ሲያቀርብ የተሳካውም ያልተሳካውም ይመረመራል፤ ቀጣዩ ሕመምተኛ ከቀዳሚው ልምድ ይጠቀማል። በተለይ ስለ ሰጪዎች የሚደረገው ጥናት ለኅሊናችን አስፈላጊ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ ከ80,000 በላይ በሆኑ የኩላሊት ሰጪዎች ላይ ተደርጎ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት 90 ቀናት ውስጥ የሞቱት ከ10,000 ሰው ሦስት ያህል መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ባዶ አይደለም። ለዚያች በቀፊራ ለምትነግደው እኅት ሁለቱም መነገር አለባቸው፦ ትንሽ መሆኑም፣ ባዶ አለመሆኑም።

የማዕከሉ ሥራ የተመሠረተው በቅርብ ዘመዶች መካከል በሚደረግ የሕያዋን ልገሳ ላይ ነው። ከሞተ ሰው ኩላሊት ወይም ልብ ለመውሰድ በደንብ የተደራጀ የፅኑ ሕሙማን ክብካቤ፣ የሠለጠነ ባለሙያና የጠራ ሥርዓት በቅድሚያ ያስፈልጋል። በዚህም ረገድ ሀገራችን እየተራመደች ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2010 እ.ኤ.አ. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ልዩ ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀምሯል። በመኪና አደጋ የተጎዳውን፣ በሽታ የጠናበትን ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚያተርፍ ሐኪም መብዛቱ የመጀመሪያው በረከት ነው። ሊተርፍ የሚችለው ሰው በቅጡ ሳይታከም ስለ ልገሳው ማውራት ጋሪውን ከፈረሱ ማስቀደም ይሆናል።

ከሞት በኋላ የሚደረገው ልገሳ በሀገራችን የሚታወቀው በዓይን ብሌን ነው። የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ በ2003 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ ብዙዎች ብርሃናቸውን እንዲያገኙ ረድቷል። በ1998 ዓ.ም. ገደማ የተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶ የሚሆነው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከእነዚህም ከአምስቱ አንዱ ያህል ለጉዳት የተዳረገው በትራኮማም ሆነ በሌላ ምክንያት የዓይን ብሌን በመጠልሸቱ መሆኑን አመልክቷል። የዓይኑ የፊተኛ መስተዋት የደም ሥር ስለሌለው ከሌላ አካል ይልቅ በቀላሉ ይተከላል። ልብ ቆሞ ሰውየው ከሞተ ከሰዓታት በኋላም ሊወሰድ ስለሚችል ስለ አንጎል ሞት የሚነሣው ጥያቄ እዚህ ላይ የለም። የሚወስደው ጊዜም አጭር ነው፤ ቀብርን አያዘገይም፤ የሟቹንም ገጽ አያበላሽም።

፬. ሕጉና ኅሊና ምን ይላሉ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ብዙዎቻችን የማናውቀውን አንድ ጥበብ ይዟል። ሰው አካሉን በሙሉ ወይም በከፊል ለመስጠት ቃል ቢገባ፣ በሕይወት ሳለም ሆነ ከሞተ በኋላ የሚፈጸም ቢሆን፣ ያን ቃል በማናቸውም ጊዜ ሊሽረው ይችላል (ቁጥር 19)። ተቀባዩ በቃሉ ተማምኖ ያወጣውን ወጪ ሊጠይቅ ይችል ይሆናል እንጂ ኩላሊቱን በግድ ሊጠይቅ አይችልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው በሰው የመነገድ ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ደግሞ የሰውን የአካል ክፍል መውሰድን ከብዝበዛ ዓይነቶች እንደ አንዱ ቆጥሮታል። ሰጪ ነፃ ይሁን፤ አካሉም ሸቀጥ አይሁን የሚለው ሐሳብ የሁለቱ ሕጎች ማሰሪያ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ከዚህ አይለይም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2296 ሰጪው ወይም ስለ እርሱ የሚገባው ወገን አውቆ ካልፈቀደ ንቅለ ተከላ ተቀባይነት እንደሌለው ያስተምራል። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1995 እ.ኤ.አ. «የሕይወት ወንጌል» በተሰኘው መልእክታቸው ልገሳን በየዕለቱ ከሚፈጸሙ የፍቅር ሥራዎች መካከል አንሥተውታል። ፍቅር ግን አይታዘዝም። ግዴታ የሆነ ስጦታ ግብር እንጂ ስጦታ አይደለም። ስለዚህ ስለ ደጉ ሳምራዊ እየሰበክን የአንዲትን ሴት ልጅ ኅሊና ማስጨነቅ ትምህርቱን ማጣመም ነው። ሳምራዊው ከመንገድ ዳር ቆሞ የረዳው ማንም ሳያስገድደው ነበር።

በቤተሰባችን ልማድ ግፊት ሁልጊዜ በጩኸት አይመጣም። «ወንድምሽ እኮ ነው» የሚል አንድ ቃል፣ የእናት እንባ፣ የጎረቤት ዓይን ከማስገደድ ያልተናነሰ ይሆናል። ደግሞም ሸክሙ ብዙ ጊዜ በሴት ልጅ፣ ባላገባው ወንድም፣ ገቢ በሌለው ዘመድ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ መልካም ሐኪሞች ሰጪውን ከቤተሰቡ ለይተው ለብቻው ያነጋግሩታል። ፈቃደኛ ያልሆነም ሰው በዘመዶቹ ፊት ሳይዋረድ እንዲወጣ መንገድ ይፈልጉለታል። እኛም ካህናት፣ ደናግልና ምእመናን ይህን ጥበብ ልንማር ይገባናል። የሚጠየቀውን ሰው ለብቻው እንስማው፤ ፈርቶ እንደሆነ ፍርሃቱ ኃጢአት አለመሆኑን እንንገረው፤ ሊሰጥ ከወደደም ደስታውን አንቀማው።

፭. ሥጋን ስለ ማክበርና ስለ ትንሣኤ

«ዓይኑን አጥቶ የተቀበረ ሰው በትንሣኤ እንዴት ያያል?» የሚል ጥያቄ በልቅሶ ቤት ሲነሣ እንሰማለን። ይህን ጥያቄ መናቅ አይገባም፤ የሚመነጨው ለሥጋ ካለን ክብር ነውና። መልሱ ግን ቀላል ነው። በእሳት የተቃጠሉ፣ በአውሬ የተበሉ ሰማዕታት ትንሣኤያቸውን አላጡም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከወሰዳቸው ወገኖቻችን መካከል አስከሬናቸው ያልተገኘም ነበሩ፤ በእነርሱ ትንሣኤ የሚጠራጠር አለን? ከአፈር የፈጠረ አምላክ ከአፈር ለማስነሣት የአካል ቆጠራ አያስፈልገውም። ክብር ማለት ግን ገላውን በጨዋነት መያዝ፣ የሟቹን ፈቃድ መጠበቅ፣ የለቀስተኞችን ልብ አለማቁሰል ነው።

በድሬዳዋ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ግቢ ቡና እየጠጣ፣ በአንድ ዕድርና አፎቻ ሙታንን እየቀበረ ይኖራል። ጎረቤቶቻችን የሃይማኖታቸውን ሐሳብ ከራሳቸው መምህራን መስማት ይገባቸዋል። ለእኛ ግን የእስልምና ሕግ ዓለም አቀፍ አካዳሚ በ1988 እ.ኤ.አ. በጅዳ ባደረገው ጉባኤ ልገሳን፣ ሽያጭን ከልክሎና ሁኔታዎችን ደንግጎ፣ እንደ ፈቀደ ማወቁ መልካም ነው። በአንድ ቤት ሁለት ሃይማኖት ቢኖር ይህ ጉዳይ የጠብ ምክንያት መሆን የለበትም።

፮. ከእኛ የሚጠበቀው

ከሁሉ አስቀድሞ ኩላሊት ሳይደክም መጠበቅ ይሻላል። ኩላሊትን ከሚጎዱት ዋና ዋና ምክንያቶች መካከል የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ናቸው፤ ሁለቱም ለዓመታት ሳይታወቁ ይቆያሉ። ስለዚህ በየጊዜው መመርመር ይገባል። ሐኪም ሳያዝ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ለብዙ ጊዜ መዋጥም ኩላሊትን ይጎዳል። በከተማችን ሙቀት ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው ሰው ሰውነቱ እንዳይደርቅ ፈጥኖ ፈሳሽ ማግኘት አለበት።

ሁለተኛ ደም እንስጥ። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ግራም ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ደም መስጠት ይችላል። በፅኑ ሕሙማን ክፍል ለተኛ ሰውና በወሊድ ጊዜ ደም ለሚፈሳት እናት ይህ ስጦታ የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው። ማንም በዚህ ስጦታ አይጎዳም፤ ማንም በሌላው ዓይን አይገደድም። የመስጠትን ልማድ የምንማርበት የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ይህ ነው።

ሦስተኛ ስለ ሞት በጤና ጊዜ እንነጋገር። ዓይኑን ለመስጠት የሚወድ ሰው ፈቃዱን በጽሑፍ ያኑር፤ ለቤተሰቡም ይንገር። የማይወድም እንዲሁ ይናገር። ያን ጊዜ ዘመዶቹ በልቅሶ መካከል ስለ ዝም ያለ ሰው መገመት አይኖርባቸውም።

አራተኛ ለንቅለ ተከላ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ቤተሰብ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይሄዳል። የሕመምተኛውም የሰጪውም ማረፊያ፣ ትራንስፖርትና የወራት ክትትል ወጪ አለ። ቁምስናዎች የሚሰበስቡትን እርዳታ ለሕመምተኛው ብቻ ሳይሆን ለሰጪውም ያስቡ። ኩላሊቷን የሰጠች ነጋዴ ሱቋን ዘግታ በምትተኛባቸው ሳምንታት ቤቷ እንዳይራብ ማድረግ ለአካሏ ዋጋ መክፈል አይደለም፤ የፍቅሯን ሸክም መካፈል ነው።

አሁን ወደ ለገሃሬው ግቢ እንመለስ። ታናሽ እኅት ዝም ብላለች። የሚሻለው እናት ተነሥተው «ልጄ፣ እሺ ብትዪም እንቢ ብትዪም ልጄ ነሽ፤ ሐኪሙን ለብቻሽ አነጋግሪው» ቢሏት ነው። ሕመምተኛው ወንድሟም እንደ ሪቻርድ የመሄጃውን በር ቢከፍትላት እጅግ መልካም ነው። ከዚያ በኋላ የምትሰጠው መልስ የእርስዋ ይሆናል። እሺ ብትል ስጦታዋ ሙሉ ነው፤ እንቢ ብትልም ፍቅሯ አልጎደለም፤ ወንድሟም በእጥበት እየኖረ የቤተሰቡ ፍቅር አይለየውም። መልሷን እስክትናገር ድረስ ግን ማንም ስለ እርስዋ አይናገር።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ኮማ ውስጥ ያለ ሰውና አንጎሉ የሞተ ሰው በምን ይለያያሉ?
2. ሞትን የሚያረጋግጠው ሐኪም ከንቅለ ተከላው ቡድን የተለየ መሆን ያለበት ለምንድን ነው?
3. በቤተሰባችን ውስጥ «እሺ» እና «እንቢ» በነፃነት እንዳይነገሩ የሚያደርጉ ልማዶች የትኞቹ ናቸው?
4. ቁምስናችን ሕመምተኛውንም ሰጪውንም ሊረዳ የሚችለው በምን መንገድ ነው?